ቡሄ፣ ፍልሰታ እና የሰፈር ልጆች፦ ከደሴ የተደረገ ውይይት

መ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ሰፈር ልጆች ነው። እምነታችንን እንዴት ነው የምንነግራቸው? አንቺ ግቢሽ ልጅ አይጠፋውምና ካንቺ እንጀምር።

ሀ፦ እሺ። ካጠፋሁት ልጀምር ግን። ከጥቂት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ልጆች እሰበስብ ነበር። መዝሙር እናጠናለን፣ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በቃሉ ለያዘ ከረሜላ እሰጣለሁ። ከልጆቹ አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሙስሊሞች ናቸው፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ከልጆቼ ጋር አብሮ ስላደገ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ቀን እናቱ ቡና ጠራችኝ። አቦሉ ላይ ስለ ኑሮ አወራን። ቶናው ላይ ነው ያነሳችው። «ልጄ መዝሙር እየዘመረ ገባ» አለችኝ። «መዝሙሩ አይደለም የከፋኝ። ሳትነግሪኝ መቅረትሽ ነው።»

መ፦ ምን አልሻት?

ሀ፦ ይቅር በይኝ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የእኔ ልጅ እኔ ሳላውቅ ሌላ ሃይማኖት ተምሮ ቢመጣ እኔንም ያመኛል። እሷ ግን «አብሽሪ» አለችኝ። «ይምጣ፣ ይጫወት። ጸሎት ስትጀምሩ ወደ ቤት ላኪልኝ።» ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ሳልነግረው ይነሳል፣ ጫማውን ያደርግና «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል።

መ፦ ልጆችሽ አይጠይቁም? ለምን ይሄዳል ብለው?

ሀ፦ ትንሿ ጠየቀችኝ። «እናቱ የነገረችውን ስለሚሰማ ነው» አልኳት። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ለእሷ ያስተማርኩት ያን ቀን ነው።

መ፦ እኔ ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲቸገር አያለሁ። አንዱ ጎረቤት እንዳይከፋው ብሎ ለገዛ ልጁ እንኳ ስለ እምነቱ አይነግርም። ሌላው ደግሞ የሰው ልጅ ሰብስቦ ወላጅ ሳያውቅ ያስተምራል። ሁለቱንም አልቀበልም። ጌታ ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ፣ አትከልክሏቸው ሲል እኮ ሰዎች ልጆቻቸውን ራሳቸው ይዘው መጥተው ነበር። ልጅ በወላጁ በር ነው የሚገባው።

ሀ፦ ከረሜላውንም ተውኩት። ለከረሜላ ተብሎ የተያዘ ጥቅስ ከከረሜላው ጋር አብሮ ያልቃል። አሁን ቆሎ ነው የማቀርበው። የያዘም ያልያዘም፣ የሚቆየውም የሚሄደውም እኩል ይበላል። ደግሞ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ነን፣ የግቢው በር ክፍት ነው፣ ሌላ አንዲት እናት አብራኝ ትቀመጣለች። የሰው ልጅ አደራ ነው። ማንም ወላጅ በፈለገው ሰዓት ገብቶ ማየት አለበት።

መ፦ ለእኛ ቤት ልጆች ግን ሥራው ሌላ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀዋል። ክርስቲያኖች ናቸው። ያላቸውን እንዲያውቁት ነው የምንደክመው። ለዚህ ደግሞ እንደ ፍልሰታ የሚሆን ጊዜ አላየሁም።

ሀ፦ እውነት ነው! ፍልሰታ እኮ የልጆች ጾም ነው።

መ፦ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ። ደሴ ደግሞ በነሐሴ ታውቂያታለሽ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፣ ዝናቡ አያባራም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ምንም ሳይቀምስ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በፕላስቲክ ጫማ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ቅዳሴ ይሄዳል። «ራበኝ» ሲል ሌላው ልጅ «ትንሽ ቀረ» ይለዋል። ይሄንን እኔ ቁጭ ብዬ ባስተምረው አይገባውም። ቆርበው ሲወጡ ደግሞ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ሀ፦ ያኔ ዝም ያሉት ዝምታ ደስ ሲል!

መ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ስንመለስ ልጄ ጓደኛውን አየና ሊሮጥ ተነሳ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ አንድ ሙስሊም አባት አሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያከብራቸዋል። «አንተ! ቆርበህ የለም እንዴ? ቀስ በል እንጂ!» አሉት። ልጄ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ መቶ ጊዜ ብነግረው እንደዚያ አይሰማኝም ነበር። ጎረቤታችን የእኛን ቁርባን አክብረው ሲያስከብሩት ማየት እኔን ራሴን አስተማረኝ።

ሀ፦ እኔ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች በአገራቸው ታሪክ ነው የምይዛቸው። ሐይቅን ሁሉም ያውቁታል፣ ቅርብ ነው፣ ሄደው ዓሣ በልተዋል። እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተምሩ ነበር፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል ስላቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ግሸንም እንደዚያው ነው። ግማደ መስቀሉ አምባሰል ላይ፣ መስቀል በሚመስል ተራራ አርፏል ስል፣ አንዷ «አያቴ መስከረም 21 ሄዳለች፣ እግሯ አብጦ ነው የተመለሰችው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ታሪኩን የምትነግራቸው እሷ ናት። እኔ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

መ፦ ቡሄንስ?

ሀ፦ እሱማ! ልጆቹ ሆያ ሆዬን ያውቁታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት ሙልሙል ይዤ እቀመጣለሁ። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ደብረ ታቦር ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ አበራ፣ ችቦው የዚያ ብርሃን ነው። የአብ ድምፅ ተሰማ፣ ጅራፉ የዚያ ነው። እረኞቹ ብርሃኑን አይተው ያልመሸ መሰላቸው፣ ሜዳ ላይ ቆዩ። እናቶቻቸው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። «ይሄ በእጃችሁ ያለው ያ ዳቦ ነው» እላቸዋለሁ። በዝግታ ነው የሚበሉት ያኔ። ከዚያ ጅራፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጎረቤቴም በር ላይ ቆማ ትሰማቸዋለች፣ ብር ትሰጣቸዋለች። «እደጉ» ብላ ትመርቃቸዋለች።

መ፦ የእኔው ልጅ ችቦው እየነደደ ምን አለኝ መሰለሽ? «አባ፣ ታቦር ከጦሳ ይበልጣል?» አለኝ። ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። «የቆምንበት መሬት ራሱ ከታቦር ይበልጣል» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን እዚህ አልመጣም?» አለኝ።

ሀ፦ ወይ ጉድ! ምን መለስክለት?

መ፦ መልስ አልነበረኝም። ልጅ ሲጠይቅ ደግሞ ዝም ብሎ መፍጠር ነውር ነው። «ነገ አብረን የንስሐ አባታችንን እንጠይቃለን» አልኩት። በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። አባም ዝቅ ብለው፣ መስቀላቸውን አሳልመውት፣ ጥያቄውን ከአፉ ሰሙት። ከዚያ «ልጄ፣ ትናንት ቆርበህ የለም እንዴ?» አሉት። «አዎ» አላቸው። «ታዲያ አልመጣም ትላለህ?»

ሀ፦ ...

መ፦ ልጄ ምንም አልተናገረም። ነጠላውን ሳብ አድርጎ አፉን ሸፈነ።