እንዶድ ለምን ቶሎ ይበላሻል?

እንደምን ዋላችሁ። በሳይንስ ቀናችሁ ስለ ባዮዲግሬደብል ነገሮች፣ ማለትም በተፈጥሮ በስብሰው ስለሚጠፉ ነገሮች አውራልን ስትሉኝ ትዝ ያለኝ ላቦራቶሪ አይደለም፣ የአያቴ ሙቀጫ ነው። ጋቢ የሚታጠብ ቀን ደረቅ የእንዶድ ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፣ እኛ ደግሞ ብናኙ አፍንጫችን ገብቶ ስናስነጥስ እንውላለን፣ "ዞር በሉ ከዚህ!" ትለናለች።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚባለውን ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፣ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ሞቶ ተኝቷል። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ቆዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፣ ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ከ1969 ጀምሮ እዛው አድዋ ውሃው ላይ እንዶድ እየተጨመረ ሲሞከር በትንንሽ ልጆች በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ስራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ።

እኔን ግን ከሽልማቱ በላይ የሚገርመኝ ኬሚስትሪው ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ አረፋውን የሚያወጣው ነገር ማለት ነው፣ እንዳለ ቀንድ አውጣ አይገልም፣ ሁለት ቦታ ስኳር ተሸክሟል፤ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ የፍሬው ኢንዛይም አንደኛውን ስኳር ይቆርጥለታል፣ ያኔ ነው የሴል ሽፋን መብሳት የሚጀምረው። ዱቄቱን ቀጥታ አልኮል ውስጥ ብትከቱት ኢንዛይሙ ስራውን ሳይሰራ ይቀራል፣ የሚወጣውም አይገልም። እንግዲህ አያቴ ይሄን ማን ነገራት?

አሁን ሰው ሚያማርርበት ነገር ላይ ልምጣ። እንዶድ ውሃ ውስጥ በ2 ቀን ገደማ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ መጨመር አለባችሁ፣ ይሄ ድካም ነው ወጪም ነው አልክድም፣ ግን እኮ አሳም ይገላል! እንደዛ አይነት ነገር ወሩን ሙሉ ወንዙ ውስጥ ቢቆይ ማን ይወደዋል? ቶሎ መጥፋቱን ጉድለት ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ስራን ጨርሶ መጥፋት ጥሩ መሆኑን ሐኪሞች ካወቁት ቆይተዋል። ውስጥ የሚሰፉበት ሟሚ ክር፣ ቪክሪል የሚባለው፣ ቁስሉ እስኪጠና ይይዝና በውሃ እየተቆራረጠ ከ56 እስከ 70 ቀን ውስጥ ያልቃል፣ ከሚተርፈው አንዱ ላክቲክ አሲድ ነው፣ እርጎን የሚያኮመጥጠው ማለት ነው፣ ሰውነታችን ያውቀዋል። ክሩ ጠፋ ብሎ የሚከስ በሽተኛ አላየሁም።

ይሄ ጠርሙስ ትላንት ማታ የዘፈዘፍኩት እንዶድ ነው። ስትወጡ አንድ ጊዜ ነቅንቁትና አረፋውን እዩ፣ አጠገቡ ያለውን ዱቄት ግን አታሽትቱ ታስነጥሳላችሁ። የተረፈውን ደግሞ እባካችሁ ከግቢው በታች ያለችው ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት፣ እዛ ልጆች አሳ ያጠምዳሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሲበሰብስ እኔው መጥቼ እደፋዋለሁ።