በጾም ጡንቻ ይቀልጣል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሲቃረብ ደሴም ኮምቦልቻም ጂም ውስጥ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ጾሙ ጡንቻዬን ያቀልጥብኝ ይሆን?» አብሽሩ፣ ጾሙ ብቻውን አያቀልጥም። የሚጎዳው የምግብ ማነስ ነው፣ በተለይ የፕሮቲን።

ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ከሆነ 96 ግራም ማለት ነው። በጾም ብዙዎቻችን የምንተማመነው በሽሮ ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ወጥ የሚገባው ዱቄት 50 ግራም ቢሆን ነው፣ ፕሮቲኑም 10 ግራም ገደማ። ሽሮው ሲቀጥን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንጀራው ሆድ ስለሚሞላ ጉድለቱ አይታወቀንም።

በዚያ ሽሮ ላይ 100 ግራም ምስር ጨምሩ፣ 24 ግራም ነው። 100 ግራም ባቄላ በአሹቅ ወይም በንፍሮ 26፣ 50 ግራም ለውዝ 12፣ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 26። ከሽሮው ጋር 98 ደረሰ። ምስሩና ባቄላው የሚመዘኑት ሳይቀቀሉ ነው፤ የበሰለ ምስር ውሃ ስለሚይዝ 100 ግራሙ 9 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው። ሒሳቡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ምስርን በእንጀራ መብላታችን ደግሞ ትክክል ነው፤ እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ ይነፋል፣ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ የተዘፈዘፈበትንም ውሃ ድፉት። ክብደታችሁ ከወረደ ሱፍ ፍትፍት ወይም ዘይት ጨምሩ።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶ 11 ሰዓት ላይ ቢሠራ፣ ማታ ደግሞ ቀሪውን ቢበላ ይመቸዋል። በረመዳን ካፈጠሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መሥራት ይሻላል። ሱሑርን መዝለል ግን አልመክርም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያቆየን ፕሮቲንና ውሃ እሱ ነው።

ከተጨማሪ ምግቦች (ሰፕልመንት) ገንዘብ የሚያወጡበት ካለ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ነው፤ ጡንቻ ለአጭር ከባድ ሥራ ጉልበት እንዲያገኝ የሚረዳ ንጥረ ነገር ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በማንኛውም ሰዓት። ክሬቲን ከሥጋና ከዓሣ ስለሚገኝ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅተኛ ነው፤ ለውጡም ይበልጥ ይታወቀዋል። መጀመሪያ ላይ ሚዛን አንድ ኪሎ ያህል ቢጨምር ውሃ ነው፣ አትደንግጡ። ዱቄቱን ግዙ፤ የካፕሱሉ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን የሚሠራ ስለሆነ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ጥያቄ ያስነሳል። ዌይ ፕሮቲን የወተት ውጤት ስለሆነ በሁዳዴ አይሆንም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ክሬቲንም ሆነ ብዙ ፕሮቲን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ጫትን ሳላነሳ አላልፍም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ያንን 96 ግራም ማታ መብላት ያቅተዋል፣ የሰባት ሰዓት እንቅልፍም ሳያገኝ ይነጋበታል። በሥልጠና ቀን ቢያንስ ይቅር።