«ትነት» የተባለው ነዳጅ የት ገባ?

ሀዋሳ ላይ ለማደያ ባለቤቶች፣ ለሠራተኞችና ለጎረቤት ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። የማደያ ባለቤቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ቀጂዎች፣ ከማደያ አጥር ጥግ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንዲት ቃል ልጀምር። «ትነት»። የማደያ መዝገብ የገለጠ ሁሉ ያውቃታል። ጠዋት ዲፕ፣ የነዳጁን ከፍታ የሚለካው ዘንግ፣ መሬት ውስጥ ወዳለው ታንከር ይገባል፤ የታንከሩ ነዳጅና ሽያጩ አልገጥም ይላሉ። 40 ሊትር ጎደለ፣ 60 ሊትር ጎደለ። ጎኑ ላይ «ትነት» ይጻፍና ቀኑ ይዘጋል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህችን ቃል ልከስ ነው።

ከዓመታት በፊት ነው። ከተማውም ማደያውም ስማቸው ይቅር። ከማደያ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቡናዬ ጋዝ ጋዝ ይለኛል» አሉን። መጀመሪያ የጠረጠሩት ጀሪካኑን ነበር፤ የነጭ ጋዝ ጀሪካን ሸጠውልኝ ነው ብለው ቀየሩት። ቀጥለው የጉድጓዱን ገመድ ቀየሩ። በመጨረሻ ምስኪኗ ጀበናም ተቀየረች። እኛ ስንደርስ ቤይለር የምንለውን፣ ከታች መዝጊያ ኳስ ያለውን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አወረድን። ሲወጣ እንደ ስፕሪስ ጁስ ተደራርቧል። ከታች ውሃ፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚሆን ቢጫ ቤንዚን።

ማደያው ሄደን መዝገቡን ገለጥን። ለወራት ትነት፣ ትነት፣ ትነት። ታንከሩ ግን ደህና ነበር። ሲያፈስ የኖረው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሴትዮዋ ጀበና ሲቀይሩ፣ ማደያው አንዲት ብሎን አልቀየረም።

ይህ ነገር ሀዋሳ ላይ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ሐይቃችን የሚገባለት እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በብዛት የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው። ከሥራችን ያለው አፈር ደግሞ ብዙ ቦታ ፑሚስ አለበት፤ ያ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሐይቁ ዳር የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ። እንዲህ ያለ አፈር የፈሰሰበትን አይዝም፣ ያሳልፋል። ወደ ሐይቁ በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ውሃው ቅርብ ነው፤ ብዙ ሳትቆፍሩ ታገኙታላችሁ። ነዳጁም እንደዚያው ብዙ ሳይወርድ ያገኘዋል።

«ጠብ ጠብ ብትል ምን ታመጣለች?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እናስላው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ትውደቅ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው ብንል በቀን 4.3 ሊትር፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። ቤንዚን ውስጥ ደግሞ ስሙ ከቤንዚን ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ሌላ የሆነ ኬሚካል አለ፤ ከቤንዚን ጋር እንዳይምታታ ቤንዝን እንለዋለን። ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከቤንዚኑ 1 በመቶው ቤንዝን ነው ብለን ካሰብን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ወደ 880 ሺህ ሊትር ውሃ ከዚያ ልክ ላይ ለማድረስ ይበቃል። አንድ ሊትር፣ የአንድ ሃይላንድ ፕላስቲክ ያህል!

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። ትነት የለም እያልኩ አይደለም። ቤንዚን ይተናል። ደግሞም ቦቴው ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ነዳጅ ሲያራግፍ፣ ነዳጁ መሬት ውስጥ ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል። በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ100 ሊትር 1 ሊትር ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተራገፈ በኋላ ባሉት ቀናት ትንሽ መጉደሉ አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ሳያቋርጥ የሚጎድለው ነው። ናፍጣ ላይ ትነት ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ጭራሽ እስቃለሁ። ናፍጣ እኮ መሬት ላይ ቢፈስ ሳምንት ሙሉ እግር የሚያዳልጥ ነገር ነው፤ ወዴት ይተናል?

ሽያጭ ሲዘጋ ማታ ዲፕ አግቡ፣ ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት ድገሙት። ሌሊቱን ከቀነሰ ታንከሩን ጠርጥሩ። ሌሊት ደህና ሆኖ ቀን ቀን ከሽያጩ በላይ የሚጎድል ከሆነ ቧንቧውን ጠርጥሩ፤ ብዙ ቧንቧ ግፊት የሚያገኘው ፓምፑ ሲሠራ ነውና። ዲፑ ጫፍ ላይ ውሃ የሚያሳየውን ቅባት መቀባት አትርሱ። ታንከር ውስጥ ውሃ እየጨመረ ከመጣ፣ ውሃ የገባበት ቀዳዳ ነዳጅም ሊያስወጣ ይችላል።

መዝገብ ግን የጎደለውን እንጂ የሄደበትን አይናገርም። ለዚያ የክትትል ጉድጓድ፣ ከሥር ያለው ውሃ የሚታይበት ቱቦ የገባበት ቀጭን ጉድጓድ፣ ያስፈልጋል። ቢያንስ ሦስት፣ በሦስት ማዕዘን። የሦስቱን የውሃ ከፍታ ስትለኩ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ በሁለት ጉድጓድ ይህ አይታወቅም። አንዱ ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ ሁለቱ ወደሚሄድበት። «ወደ ሐይቁ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አዎ፤ ግን ጎረቤት ትልቅ ፓምፕ ካለ ውሃውን ወደራሱ ይስበዋል። የቱቦው ወንፊት፣ ማለትም ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክፍል፣ ከውሃው ወለል በላይም በታችም ይዝለቅ፤ ነዳጅ ተንሳፋፊ ስለሆነ ወንፊቱ ከውሃው ወለል በታች ብቻ ከሆነ ሳይታይ ያልፋል። ክዳኑ ይቆለፍ፣ ቀለሙም ይለይ። አንድ ቀን የቦቴ ሾፌር መሙያ መስሎት ቢያራግፍበትስ? ሌላ ቦታ ሆኗል።

መለኪያው ከዝናቡ በፊትም በኋላም ይሁን። ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ነዳጁን አፈሩ ላይ ይለቀልቀዋል፤ አንድ ወቅት ላይ ያልታየ በሌላው ይታያል።

ለጎረቤቶች ደግሞ አንድ ነገር። ውሃው ነዳጅ ነዳጅ ካለ ክሎሪን አያድነውም፤ ክሎሪን የጀርም መድኃኒት ነው። አፍልቼው እጠጣለሁ አትበሉ፤ እንፋሎቱን እዚያው ማድ ቤት ትስቡታላችሁ። መጠጣቱን አቁሙና ተናገሩ። ሽታው ስለጠፋም ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ አፍንጫችን ከላብራቶሪ መሣሪያ በጣም ወደኋላ የቀረ ነው።

ከሻይ በኋላ ግቢው ውስጥ ቤይለር እናወርዳለን፣ ሁላችሁም በእጃችሁ ትሞክራላችሁ። መዝገብ ይዛችሁ የመጣችሁ እስከዚያው የናፍጣውን ገጽ ግለጡና «ትነት» ስንት ቦታ እንደተጻፈ ቁጠሩልኝ። ከዚያ ነው የምንጀምረው።