የላክስተን ችካል

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው የሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቡናውም እየተቆላ ስለሆነ ላላስረዝም ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን ካጠፍኩ ጭሱን ወደዚህ አዙሩት፤ ይገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ሽርሽራችን ወደ ባሕር ዳርቻ አይደለም። ላክስተን ወደምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» «ልጆቹ ምን ሊያዩ ነው?» እዚህ ከፊት የተቀመጡት እናታችን ደግሞ «ልጄ፣ እኔ ከገጠር የወጣሁት ተመልሼ ገጠር ለማየት አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ላክስተን ከዚህ ከኖቲንግሃም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ናት። በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት። ቤቶቹ ቀይ ጡብ ናቸው፤ ጣሪያቸውም ቀይ ሸክላ። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የገበሬዎቹ ቤት አቀማመጥ ነው። በአብዛኛው የእንግሊዝ ገጠር ገበሬ የሚኖረው ለብቻው፣ እርሻው መሀል ነው። ላክስተን ውስጥ ግን የገበሬዎቹ ቤቶች መንገዱን ይዘው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹም ጎናቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል። ጎተራውም፣ የከብቱ ግቢም፣ ትራክተሩም መንደር ውስጥ ነው። ማሳው ውጭ ነው። ሰውየው ጠዋት ከመንደር ወደ ማሳ ይወጣል፣ ማታ ወደ መንደር ይገባል። ለእኛ ይህ ምን ይገርማል? ለእንግሊዝ ግን ከጠፋ የከረመ ነገር ነው።

ከመንደሩ ወጣ ስትሉ ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች ታያላችሁ። ስማቸው ምዕራብ ማሳ፣ ደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ ነው። እያንዳንዱ ማሳ በረጃጅም ቁራጭ ተከፋፍሏል፤ የአንዱ ገበሬ መሬት ደግሞ በሦስቱም ማሳ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ለሙ ለአንዱ፣ ጭንጫው ለሌላው ብቻ እንዳይደርስ ነው ይባላል። በቁራጭና በቁራጭ መካከል አጥር የለም። ሽቦም የለም። የእኔን ካንተ የሚለየው ትልም ብቻ ነው። አንዱ ማሳ ከብርዱ ወራት በፊት ስንዴ ይዘራበታል። ሁለተኛው በጸደይ ይዘራል። ሦስተኛው ድሮ ጦሙን ያድር ነበር፤ አሁን አሁን የከብት መኖ ይበቅልበታል። በዓመቱ ተራው ይዞራል። ጎረቤትህ ስንዴ በዘራበት ማሳ አንተ መሬትህን እንዳሻህ ላድርግ ብትል አይሆንም። ተራው የሁሉም ነው።

መካከለኛው እንግሊዝ ድሮ በአብዛኛው እንዲህ ነበር። ከዚያ አጥር መጣ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።) ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ መሬት በአጥር እንዲከለል የሚያደርጉ ከ5,200 በላይ ሕጎች አውጥቷል። የታጠረው መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነው፤ የእንግሊዝ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። እኛ ከባቡር መስኮት እያየን «ወይ ማማር!» የምንለው በቁጥቋጦ የታጠረ አረንጓዴ መስክ፣ ብዙው የዚያ ዘመን ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ለዓመታት እግዜር እንዲያ አድርጎ የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ያ አጥር ሲቆም አንዲት ላም በጋራው ግጦሽ ላይ ያቆይ የነበረ ድሃ ግጦሹን አጥቷል። ብዙዎቹ ወደ ከተማ ወርደው የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነዋል።

ታዲያ ላክስተን እንዴት ተረፈች? አንዱና ብዙ የሚወራው ምክንያት ሁለት መሳፍንት አለመስማማታቸው ነው። የመንደሯ መሬት በአብዛኛው በኧርል ማንቨርስና በኧርል ስካርብራ እጅ ነበር፤ እኔ ይህን ልያዝ፣ አንተ ያንን ያዝ ሲባባሉ ጊዜው አለፈ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው እንል የለ? እዚህ ግን ሳሩ ነው የተረፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ግን መጀመሪያ አንድ የራሴን ላውራ።

አባቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር። ከጎረቤቱ ጋር የሚለያቸው አንድ የወሰን ድንጋይ ነበረች። አንድ ሌሊት ያቺ ድንጋይ ሄደች። ማን እንደገፋት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ማለቴ፣ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን አልተናገሩም። የተገፋው መሬት አንድ ትልም አይሞላም ነበር። ለእሷ ስንት ዓመት ክስ ተመላለሱ። አባቴ አንድ በሬ ሸጠ። ጎረቤታችንም የሸጠው አይጠፋም። የእሱ ልጅና እኔ አንድ ክፍል እየተማርን አንነጋገርም ነበር። ፍርዱ ሲመጣ ያቺ ትልም ሣር አብቅላ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እሺ። አንድም እጅ አላየሁም።

ባለፈው ኖቬምበር መጨረሻ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ላክስተን ወሰደኝ። ቀኑ የዳኞቹ ቀን ነበር። ከራሳቸው ከገበሬዎቹ መካከል አሥራ ሁለት ሰዎች በዳኝነት ይመረጣሉ። አለቃም አላቸው። በዓመት አንድ ቀን ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ዞረው ያያሉ። በትራክተር ተጎታች ላይ፣ የጭድ እስር ላይ ተቀምጠው ነው የወጡት። እኔና ባልደረባዬ በእግር ተከተልን። አፈሩ ቀይ ነው፣ ከባድ ሸክላ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር እየተራመድኩ እግሬ ይከብደኛል፤ ጭቃው ጫማዬ ሥር እየተደራረበ ቁመት ጨመረልኝ። ዋልካ ያውቀኛል ብዬ በቀጭን ጫማ መሄዴ ነበር ጥፋቴ።

ስንዴው ገና መብቀሉ ነው፣ እንደ ጨቅላ ፀጉር። ሰዎቹ ከተጎታቹ ወርደው የአንዱ ቁራጭ ጫፍ ላይ ቆሙ። አንዱ ራቅ ብሎ ሄደና ዘወር አለ። ሌላው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ወደ ግራ... ትንሽ... እዚያው!» ያለው መሰለኝ፤ የገጠር እንግሊዝኛቸው ጆሮዬን ፈትኖታል። ከዚያ ሦስተኛው በትልቅ መዶሻ የእንጨት ችካል መታ። ሦስት ጊዜ ነው የመታው። ችካሉ ጭቃው ውስጥ ሲገባ ጧ አይልም፣ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ነው ያለው። ወደ ቀጣዩ ሄዱ። እንደዚያ እያሉ የማሳውን ዳር ዳር ዞሩ። የጋራውን መንገድ ገፍቶ ያረሰ አለ ወይ? ቦዩን ያልጠረገ አለ ወይ? ያዩትን ይጽፋሉ። የሚያዩት መሬት ደግሞ የራሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ነው። አንዱ ዳኛ የራሱ ቁራጭ ጋ ሲደርሱ ጓደኞቹ ሲያሽሟጥጡት ሰማሁ። ፊቱ ቀላ፤ ግን እሱም ይስቃል።

ሲጨርሱ ወደ መጠጥ ቤቱ ገብተው ምሳ በሉ። ቅጣቱ የሚመከረው እዚያው ነው፤ ጥፋተኛውም ዳኛውም ባንድ ጣሪያ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እዚያው መጠጥ ቤት ውስጥ ችሎት ይቆማል። ዳኞቹ ያዩትን ያቀርባሉ፣ ቅጣት ይነበባል፣ ለሚመጣው ዓመት ማሳ አዲስ ዳኞች ይምላሉ። ይህ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1977 ፓርላማው የእንዲህ ያሉ የጥንት ችሎቶችን ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን በስም ጠቅሶ ትቶታል።

ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ነው። በሬ አያሸጥም። ሰውየውን የሚከብደው ስሙ ጎረቤቶቹ ፊት መነበቡ ይመስለኛል።

እኔ እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ ሳይ የነበረው ያቺን የአባቴን ድንጋይ ነው። በየዓመቱ በቀን ብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰው ቆሞ ቢያያት ኖሮ ሌሊት የት ትሄድ ነበር? የኛም አገር ሽማግሌ ወሰን ያያል፣ አልካድኩም። ግን የሚጠራው ከተጣሉ በኋላ ነው። እነዚህ ሳይጣሉ ነው የሚወጡት።

ስለ መንደሯ ሌላው ቶሎ ቶሎ ልበል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን የኖርማኖች ዘመን ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ አሁን ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው፣ ልጆች መንከባለል ይወዱታል። የሸርዉድ ጫካ ጠባቂዎች መቀመጫ ነበር። የሮቢን ሁድ ጫካ ማለት ነው፤ ልጆቹን በዚህ ታባብሏቸዋላችሁ። በ1635 ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ ማሳዎቹን ቁራጭ በቁራጭ ሥሎ ካርታ ሠርቷል፤ ዋናው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ካርታው ላይ ሲያርሱ የሚታዩ ትንንሽ ሰዎች አሉበት። መንደሯ ዳር ደግሞ በ1995 የተከፈተ የሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙት እልቂት፣ ሙዚየም አለ፣ ከጽጌረዳ አትክልቱ ጋር። እሱ ለብቻው ቀን ይፈልጋል፤ በዚህ ጉዞ አንነካውም።

ሁሉ ነገር ማር ነው ብዬ አልሸነግላችሁም። የላክስተን ገበሬ ባለርስት አይደለም፤ ተከራይ ነው። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ የምንለው እዚያ አይሠራም። መሬቱን በ1952 የግብርና ሚኒስቴር ገዛው፣ በ1981 ወደ ዘውዱ መሬት አስተዳዳሪዎች ሄደ፣ በ2020 ደግሞ ከዚያው አካባቢ ወደሆነው ወደ ቶርስቢ ርስት ተመለሰ። «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡ ታላላቆቼ እዚህ ስላሉ ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም። ቁራጮቹም እንደ ድሮው ብዙና ቀጫጭን አይደሉም። ማሽን ሲመጣ ተጠቃለዋል፤ ኮምባይነር እንደ በሬ ጠባብ ቦታ ላይ አይዞርማ። የገበሬውም ቁጥር ከድሮው ቀንሷል። አሥራ ሁለት ዳኛ ለማግኘት ቢያንስ የሚያርስ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጠጥ ቤቱ ውስጥ «ከየት ነህ?» ሲለኝ ነገርኩት። «እዚያ መሬቱ አጥር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። በኛ በኩል የለውም አልኩት። «ታዲያ ማን ያያል?» አለኝ። የአባቴን ታሪክ አወራሁለት። በመጨረሻ «በሬው ምን ዓይነት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ስለ በሬው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀይ ዳለቻ ነበር።

እንግዲህ እናታችን፣ መልሴ ይኸው ነው። ገጠር ለማየት አይደለም የምወስድዎት። ስንዴውን አይተው «ይህ አረም ይፈልጋል፣ ይህ ዘግይቶ የተዘራ ነው» እንዲሉን ነው። ልጆቻችን ዳቦ ከሱፐርማርኬት የሚበቅል ይመስላቸዋል። እርስዎ ያስተምሯቸዋል፤ እኔ እተረጉማለሁ።

ስለ ጉዞው ጥቂት ነገር። ቅዳሜ ነው። አውቶቡሱ ከዚሁ ከአዳራሹ በር ይነሳል፣ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት በእንግሊዝ፣ ሦስት ሰዓት በእኛ። ያው አንድ ነው፤ «እኔ በየትኛው መስሎኝ» የሚል ምክንያት ዘንድሮ አይሠራም። ወፈር ያለ ጫማ አድርጉ፣ እንደኔ እንዳትሆኑ። ማሳው ላይ ስንደርስ ሣር የለበሰውን መሄጃ ያዙ፤ እህሉ ውስጥ ፎቶ ለመነሣት አትግቡ፣ ሥንዴው የሰው ነው። የሰኔ ጾም ስላልተፈታ ምሳው ሽሮና ጎመን ነው፣ እኅቶቻችን ያዘጋጁታል። ውኃና ጃንጥላ ለየራሳችሁ።

ከአውቶቡሱ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ለእናታችን ይያዝ። ስማችሁን ያላስመዘገባችሁ በሩ ጋ መዝገብ የያዘችውን ልጅ አናግሯት፤ ሰባት ቦታ ብቻ ነው የቀረው።

የቡናው ጭስም መጣ። ይቅርታ፣ ወረድኩ።