ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያለችው ባዶ ቦታ

እሺ፣ ያው ቮልስ ነው። ባለፈው የጀመርኩትን የካርቡራተር ነገር ዛሬም አልጨርሰውም፤ ይቅር በሉኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የምትመላለሰው ሌላ ነገር ናት። ሁለተኛ ማርሽ። ማለቴ፣ ማርሹ ራሱ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ያለችው ባዶ ቦታ።

ታውቋታላችሁ። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሾቹ የሚያላቅቀው) ተረግጧል፣ እጀታው ከአንደኛ ወደ ኋላ ይሳባል። እጀታው ይሄዳል፤ ካምቢዮው፣ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን፣ ግን ገና አልሰማም። አንድ ትንሽ ቅጽበት ላይ እጅ የያዘው ምንም ነው፤ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ብረት። ከዚያ «ጠቅ»፣ ያዘ። ያቺ ከ«ጠቅ» በፊት ያለችው ቅጽበት ናት ያስቸገረችኝ። ስንቷ የእርጅና ናት? ስንቷ ድሮም ከፋብሪካ አብራ የወጣች?

እስቲ ቀስ ብለን እንያት። እጀታው ከታች ኳስ አለው። ኳሱ እጀታውን ከካምቢዮው በሚያገናኘው ረጅም ዘንግ ላይ በተበየደ ጽዋ ውስጥ ይቀመጣል። ዘንጉ በቱነሉ (ወለሉ መሃል ባለው ቦይ) ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊት ለፊት አንድ የፕላስቲክ ቡሺንግ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ መሰል ነገር፣ ይደግፈዋል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ማገናኛ አለ፤ ከካምቢዮው የሚወጣውን ክንድ የሚይዘው። እንግዲህ ኳሱ ትንሽ ተበልቷል፣ ቡሺንጉ ትንሽ ሰፍቷል፣ የማገናኛው ጎማ ትንሽ ላልቷል። አንዳቸውም ብቻቸውን ጥፋተኛ አይደሉም። ግን ይደመራሉ። በዚያ ላይ እጀታው ማንሻ ነው፤ ከመደገፊያው በላይ ረጅም፣ በታች አጭር። የላይኛው ክንድ የታችኛውን አምስት እጥፍ ቢሆን፣ ታች ያለች 1 ሚሊሜትር ላላ እላይ 5 ሚሊሜትር ሆና ትመጣለች። ለዚህ ነው እጀታው እንደ ማንኪያ የሚማሰለው፤ ካምቢዮው ስለሞተ አይደለም።

እና ሁሌ የምንለው፦ መጀመሪያ ኋላውን እይ። ሞተር ጠፍቶ፣ የኋላ ወንበሩ ይነሳል፤ ቱነሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፣ አንድ ብሎን ይይዛታል። ማገናኛው እዚያ ነው። መኪናው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይሁን። አንድ ሰው ፊት ተቀምጦ እጀታውን ከማርሹ ሳያወጣ በዝግታ ወዲያ ወዲህ ያድርግ፤ ሌላው ጣቱን ማገናኛው ላይ ያኑር። እጀታው ሲሄድ ዘንጉ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ፣ ላላው ፊት ነው፤ ኳሱና ጽዋው። የዘንጉ ጫፍ ተንቀሳቅሶ የካምቢዮው ክንድ ከቀረ፣ ጎማው ነው። ዘንጉ ከመጎተት ይልቅ ወደ ጎን የሚወዛወዝና የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ ቡሺንጉ አልቋል። ሦስቱን በጣት መለየት ይቻላል። ሳይለዩ ሁሉንም መግዛት... አይ፣ እሱም መጥፎ አይደለም፣ ግን የትኛው እንደነበረ ሳይታወቅ ይቀራል። እኔን ያ ይከነክነኛል።

አንድ ነገር ላስገባ። ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ ይሄ ሁሉ ላይሆን ይችላል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ነፃ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ የኋላ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሾቹ ሳይጋጩ እንዲገቡ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው) ስለሌለው ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። የፍሪሲዮኑ ገመድ የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦም ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት፤ ቀጥ ካለ ሲነሳ ያንቀጠቅጣል... እሺ፣ እሱ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም። ደግሞ የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ! ጋዝ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ ማርሽ የሚያስተፋው አንዳንዴ እሱ ነው። በቃ፣ ተመለስኩ።

ቡሺንጉ። እጀታውን ሁለት ብሎኖች ይይዙታል፣ 13 ቁልፍ። ሲነሳ ሥሩ ሞላ አለ፣ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ የኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ የሚከለክለው። ከማንሳት በፊት ምልክት ይደረግበት፤ ወደ ላይ የታጠፈው ጠርዙ በቀኝ በኩል ነው የሚውለው። ተገልብጦ ከገባ ማርሾቹ ይጠፋሉ፤ ሰውም ካምቢዮ ማውረድ ይጀምራል። ከዚያ ማገናኛው ይፈታል፤ ዘንጉ ከቡሺንጉ እስኪወጣ በፒንሳ ወደ ኋላ ይገፋል። አሮጌው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ነው የሚገኘው። ስብርባሪው ይለቀም፣ ቡሺንጉን የከበበው ቀለበት ሽቦ በማግኔት ይውጣ። ቱነሉ ውስጥ የቤንዚን ቧንቧም ያልፋል፤ ስለዚህ ግራይንደር፣ ብየዳ፣ ብልጭታ የሚባል ነገር እዚያ አጠገብ አይታሰብ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው።

አዲሱ ከደረቀ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ፣ ይለሰልሳል። ቀለበቱ መቀመጡን በጣት መዳሰስ ነው፤ ዓይን እዚያ አይደርስም። የዘንጉ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል፤ ሸካራ ከሆነ አዲሱን ቡሺንግ ይፍቀዋል። ግሪስ ይቀባና በቀስታ ይመለስ፤ ጽዋው ወደ ላይ እያየ። እዚህ ነው የሚቸኮለው። በግድ ከተገፋ ቡሺንጉን ከመያዣው ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ኳሱን በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ለኩት። ልዩነት ካለ ክብ አይደለም፤ ግሪስ አያድነውም።

ማገናኛው ላይ ባለአራት ማዕዘን ራስ ብሎን አለች። ጫፏ ሹል ነው፤ ክንዱ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ውስጥ በትክክል መግባት አለባት። ትንሽ ዘወር ብላ ብትጠብቅ ያኔ የጠበቀች ትመስላለች፣ በኋላ ትለቃለች። ስትለቅ ደግሞ ማርሽ የሚባል ነገር የለም፤ መኪናው በነበረበት ማርሽ ይቀራል። ስለዚህ በሽቦ ትታሰር። የድሮውን ሽቦ ቆርጦ ጥሎ «ጠብቃለች» ብሎ መዝጋት... ለምን? አንድ ስንዝር ሽቦ እኮ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ የእጀታ ብሎኖች ላላ ብለው ሁለተኛ ይገባል። ጠፍጣፋው ብረት በቀዳዳዎቹ ልክ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፤ እጀታው ወደ ታች ሳይጫን የኋላ ማርሽ የማይገባበት፣ ሁለተኛ ደግሞ ሳይነካካ የሚገባበት ቦታ አለ። እዚያ ይጠበቅ። ከዚያ አራቱም፣ የኋላውም፣ ቆሞ ይሞከሩ።

እና አሁን ወደ ጀመርኩት። ሁሉም አዲስ ሆኖ፣ ሁሉም ተለክቶ፣ ያቺ ባዶ ቦታ ትጠባለች እንጂ አትጠፋም። በጎማው ፈንታ ዩረቴን የሚባለው ጠጠር ያለ ፕላስቲክ ቢገባ የበለጠ ትጠባለች፤ ግን የካምቢዮው ንዝረት ወደ እጅ ይመጣል፣ ጎማው እኮ እዚያ የተቀመጠው ንዝረቱን እንዲውጥ ነው። ታዲያ የቀረችው ላላ የማን ናት? እርጅናው በየዓመቱ በፀጉር ያህል ስለሆነ እጅ አብሮ ይለምዳል። አዲስ እያለ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ እጅ የት አለ? መለኪያው ራሱ አብሮ ተበልቷል። ምናልባት ሁለት ያልተነኩ መኪኖች ጎን ለጎን... ግን እነሱም የሃምሳ ዓመት ጎማ ነው ያላቸው፣ ደርቋል፣ ደረቅ ጎማ ደግሞ ጠባብ ሊመስል ይችላል።

አላውቅም። ምናልባት ልክ ያለው ድምፁ ላይ ነው፣ «ጠቅ» የምትለው ላይ፤ ንጹሕ ከሆነች በቃ ብሎ መተው። ወይም... አይ፣ ኳሱን እንደገና ልለካው። በሦስተኛ አቅጣጫ አልተለካም እኮ፣ በሰያፍ...