ከጆሮዬ ጩኸት ጋር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የምፈልገውም ስለ ጆሮ ነው።

ይህን የምቀዳው ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ሆኜ ነው። መሽቷል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በዚህ ሰዓት ውጭ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ክፍሉ ለእናንተ ዝም ያለ ነው። እኔ ግን በግራ ጆሮዬ አንድ ቀጭን ድምፅ እሰማለሁ። አይቋረጥም። ከፍ ዝቅ አይልም። በማሲንቆዬ ከማወጣው ከየትኛውም ድምፅ ይልቅ ቀጭን ነው። በቅኝቶቹ ፈለግሁት፤ ትዝታ ላይ ሞከርኩት፣ ባቲ ላይ ሞከርኩት፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ላይ ሞከርኩት። የትም ቦታ የለውም።

የጀመረኝ ሰርግ ላይ ነው። ጥር ነበር። በእኛ አገር ዓቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ያልዳረ የለም፤ እኛም ሙዚቀኞቹ የዓመቱን ገንዘብ የምንይዘው ያኔ ነው። ማሲንቆ ድምፁ ትንሽ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ፣ በቆዳ የተሸፈነ ሳጥን፣ አንድ ደጋን። ለአንድ ቤት ሰው ይበቃል። ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ ከጀርባ ደግሞ ጀነሬተር ሲጨመርበት ግን አይሰማም። ስለዚህ ማይኩ ቆዳው ሥር ይጠጋል፣ ሚክሰሩ ላይ ጌይኑ፣ ማለትም ከማይኩ የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላው፣ ይጨመራል። ችግሩ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ማይኩ ማሲንቆውን ብቻ አይወስድም፤ ሞንታርቦው የሚያወጣውንም መልሶ ይወስዳል። የወሰደው በሞንታርቦው ይወጣል፣ እንደገና በማይኩ ይገባል። ዙሩ በአፍታ ያድግና ያ ሁላችሁም የምታውቁት ፉጨት ይመጣል።

የዚያን ቀን አንዱ ሞንታርቦ የቆመው ከግራ ትከሻዬ አጠገብ ነበር። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ፉጨቱ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የእኔ አንድ እጅ ደጋን ይዟል፣ ሌላው የማሲንቆው አንገት ላይ ነው። ጣቶቼ ገመዱ ላይ እንዳሉ ፉጨቱን ሙሉውን ሰማሁት።

ጆሮዬ ጭው አለ። ይህ ለሙዚቀኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስንት ጊዜ ከሰርግ ቤት ጭው ብሎብን ወጥተን አድሮ ጠፍቷል። የዚህኛው ግን አድሮም አልጠፋ። ጠዋት ስነሳ ግራ ጆሮዬ ደንዝዞ፣ ውስጡ ይጮሃል። ጓደኞቼ «ሰው እያማህ ነው» አሉኝ። ጎረቤት ጤና አዳም ጨምቀህ ጠብ አድርግበት አለችኝ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በዘይት አለ። ሁሉም ከፍቅር ነው። ግን እባካችሁ፣ ታምቡሩ ይቀደድ አይቀደድ ሳይታይ ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር አይንጠባጠብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከቀነሰ፣ ከጩኸት በኋላም ይሁን እንዲሁ ያለ ምክንያት፣ ይሻለኛል ብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። ሐኪም ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የሚጠቅመው ደግሞ ቶሎ ሲጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። እኔ በማግስቱ ሄድኩ። ጆሮዬ በመብራት ታየ፤ ኩክ የለም፣ ታምቡሩም ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ማዳመጫ አድርገውልኝ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ ተጫን አሉኝ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የማሽኑን ድምፅና የራሴን ጩኸት መለየት አቃተኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ የግራ ጆሮዬ መስመር ደህና ሲሄድ ቆይቶ 4,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ ላይ ሲደርስ፣ ወደ ታች ይሰምጣል። የጩኸት ጉዳት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው አሉኝ።

የማሲንቆ ዋና ድምፅ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ቅኝቴ አልተነካም። የተነካው የሰው ንግግር ነው። «ሰ» እና «ፈ» ላይ ያለው ነፋስ ያለበት ድምፅ የሚገኘው ከፍ ካለው ቦታ ነው። ባለቤቴ በዚያ በኩል ሆና ስታወራኝ «ሰራ» ትበል «ፈራ» ትበል አይለይልኝም።

ሐኪሙ በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ። በኃይለኛ ድምፅ ይጎዳሉ፣ ይሞታሉ። የሞተው በሰው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። ከዚያ በኋላ አንጎል ከዚያ ቦታ ይመጣለት የነበረው ድምፅ ሲቀርበት፣ ሳውንድ ማን ደካማ ማይክ ላይ ጌይን እንደሚጨምረው፣ ራሱ ይጨምራል። ጌይን ሲበዛ ደግሞ ማንም ሳይዘፍን መስመሩ ራሱ ይጮሃል። ሚክሰር ፊት ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ገባኝ። ስለገባኝም አለቀስኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የሚነጋበት ሌሊት ነበር። የጥርና የየካቲት ሌሊት እዚህ ፀጥ ያለ ነው፤ ፀጥታው በጨመረ ቁጥር የእኔ ድምፅ ይጎላል። ቀን ደግሞ ሰው እያወራኝ እኔ ጆሮዬን አዳምጣለሁ። አሁን ጨመረ? ቀነሰ? በቀኝም ጀመረ እንዴ?

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የታየኝ። እኛ የምንኖረው በማዳመጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ከብዙ ድምፅ መሃል አንዱን መርጦ መያዝ ነው። አርባ ሰው እያጨበጨበ፣ ከበሮው እየመታ፣ እኔ የዘፋኙን ትንፋሽ እከተላለሁ። ይህ ችሎታዬ ነው። ጩኸቱ ሲመጣ ያው ችሎታ ዞረና እሱ ላይ ተተከለ። ሌላው ሰው በሳምንት የሚረሳውን ድምፅ እኔ ቀን ከሌሊት ይዤው ቀረሁ። ሙዚቀኛን ይህ ነገር ለምን እንደሚያሰቃየው ስጠየቅ መልሴ ይህ ነው። የሚጎዳን የድምፁ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ማዳመጥ ስለምናውቅ ነው።

ግን መርጦ መያዝ የሚያውቅ ሰው መርጦ መተውም ያውቃል። ሰርግ ላይ ዘፋኙን የምከተለው ጀነሬተሩን ትቼ ነው። ጀነሬተሩ አልጠፋም። ዝም አላሰኘሁትም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብየው እንጂ። ለጩኸቱም እኔ ያገኘሁት መንገድ ይኸው ነው።

በተግባር እንዲህ ነው የማደርገው። ዝምታ መፈለግ ተውኩ። ማታ ስተኛ ስልኬ ላይ የዝናብ ድምፅ እከፍታለሁ፣ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ አድርጌ። እንዲሸፍነው አልፈልግም፤ ከሸፈነው አንጎሌ ከእሱ ጋር መኖርን አይለምድም። ሁለቱም እንዲሰሙ አደርግና ዝናቡን እመርጣለሁ። ሐሳቤ ወደ ጩኸቱ ሲመለስ አልጣላውም፣ መልሼ ወደ ዝናቡ እወስደዋለሁ። በክረምት ስልኩም አያስፈልግም፤ ቆርቆሮው ይበቃል።

ዝናቡን ያሳየኝ ስልክ አልነበረም። እናቴ ናት። ከመንዝ መጥታ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይዛኝ ሄደች። የእናቴን እምነት አከብራለሁ፣ የእኔም እምነት ነው። ጸበሉ በራሴ ላይ ሲወርድ፣ ውሃው ድንጋዩን ሲመታ፣ ከዚያ ሰርግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ረሳሁት። ከውሃው ስወጣ ጩኸቱ ነበር። ግን መርሳት እንደሚቻል አወቅሁ። እናቴ ፊቴን አይታ «ተመስገን» አለች፤ እኔም ተመስገን አልኩ።

ሥራ መመለሱ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ የሄድነው ሸዋ ሮቢት ነበር። ከዚህ ከ2,800 ሜትር ገደማ ተነስተህ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ይዘህ ወደ ቆላው ስትወርድ የደህና ሰው ጆሮ እንኳ ይደፈናል። የእኔ ሲደፈን የውጩ ድምፅ ራቀና ጩኸቱ ብቻውን ቀረ። መኪናው ውስጥ ላብ አሰመጠኝ። ከበሮ የሚመታልን ልጅ አየኝና ማስቲካ ሰጠኝ። እያላመጥኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ ስንወርድ ጆሮዬ ተከፈተ፣ ጩኸቱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ያለ ጆሮ መድፈኛ አልጫወትም። ግንበኞች የሚያደርጉት ስፖንጁ ርካሽ ነው፤ ግን አገባቡን ማወቅ ይፈልጋል። በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይ ይሳባል፣ ይገባል፣ እስኪነፋ በጣት ይያዛል። ጥጥ መወተፍ ግን ከምንም አይቆጠርም። ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ ስለሚቆርጥ ማሲንቆው ይታፈንብኛል። የአክስቴ ልጅ ከውጭ የላከችልኝ ለሙዚቀኛ የተሠራው ሁሉንም እኩል ስለሚቀንስ ይሻላል። በሁለቱም ግን የራሴ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጎላል። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ምክንያት ድምፄን ዝቅ አድርጌ እየዘፈንኩ ሰው አልሰማኝ ብሎ ነበር። ይለመዳል።

ስለ ድምፅ መጠን ያለኝን አልደብቅም። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። እኛ ከዚያ በላይ ሆኖ እስኪነጋ እንጫወታለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ባወጣው መመሪያ የሙዚቃ ቦታዎች ድምፅ ከ100 ዴሲቤል አማካይ እንዳያልፍ፣ ዕረፍት የሚወሰድበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር፣ መድፈኛም እንዲቀርብ ጠይቋል። በእኛ ሰርግ ሞንታርቦው ጎረቤት ቀበሌ ካልተሰማ ደጋሹ ያልደገሰ ይመስለዋል። ከሞንታርቦው ፊት ለፊት ደግሞ ሁልጊዜ ሕፃናት ናቸው የሚቆሙት። ይህ ያንገበግበኛል። የደስታ ልክ ይህ አይደለም። አያቶቻችን በአንድ ከበሮና በጭብጨባ ድረው ኩለዋል።

ሥራ ስቀበል አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሞንታርቦው ከፊታችን ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቆማል እንጂ ከጎናችን አይቆምም፤ በዚህ ፉጨቱም ይቀንሳል። በየመሃሉ ዕረፍት ይኖራል። በዚህ የተነሳ የቀረብኝ ሥራ አለ። ይቅር።

በመጨረሻ ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ማሲንቆ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ነገሩን ለወራት ደብቄያቸው ነበር፤ ጆሮው ተበላሸ ከተባለ ማን ይጠራኛል ብዬ። አንድ ቀን እቤታቸው ደጋኔን ዕጣን እየቀባሁ ወጣልኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኔም ይጮህብኛል» አሉኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» ስላቸው «አንተ ሳትወለድ» አሉ። ለሚስታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ፣ በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንሰማለን።

የሁሉ ሰው ጩኸት ደግሞ አንድ ምክንያት የለውም። ኩክ ሊሆን ይችላል፣ የሚወሰድ መድኃኒት ያመጣው ሊሆን ይችላል። ከልብ ምት ጋር አብሮ የሚመታ ከሆነ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ የግድ በሐኪም መታየት አለበት። ጋሼን ይህንን ስነግራቸው እንደ ቀልድ ሰሙኝ። እኔ ግን አልተውኳቸውም፤ ለሰኞ ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አብረን ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ከፈቀዱልኝ ማይኩን ይዤ እሄዳለሁ፤ በሚቀጥለው ክፍል ራሳቸው ያወሯችኋል። እስከዚያው ጆሯችሁ የሚጮህባችሁ ሙዚቀኞች ጻፉልኝ፣ በተለይ ከበሮ መቺዎች። ደህና እደሩ።