ጃም ቸክ፦ ያለ ጥርስና ያለ ብሎን እንጨት መያዝ

[ምስል፦ ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ የታሰረ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን። እጅ ፈትቶ ያወጣውና ሥሩን ወደ ካሜራው ያዞራል።]

ሳህኑ አልቋል ማለት ይቻላል። ውስጡ ለስልሷል። ውጪውም ቅርጹን ይዟል። ገልበጥ ስታደርጉት ግን ቸኩ፣ ማለትም ዕቃውን ቶርኖው ላይ የሚይዘው መያዣ፣ የነከሰው ጉብታ ሥሩ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። እሱን ለማንሳት ሳህኑን አዙሮ ማሰር ያስፈልጋል። በምን ይታሰራል? የቸኩ የብረት ጥርስ ያለቀውን ከንፈር ከነከሰው ሥራው ገደል ገባ።

ጃም ቸክ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ቁርጥራጭ እንጨት ቶርኖው ላይ ታስራላችሁ። በዕቃችሁ ልክ ትቀርጹታላችሁ። ከዚያ ዕቃውን ተጭናችሁ ታስገቡበታላችሁ። ጥርስ የለውም፣ ብሎን የለውም፣ ኮላም የለውም። ሥራውን የሚሠራው ሰበቃ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ጃም ቸክን የሚፈራው ሳህኑ ተወርውሮ ስለሚወጣበት ነው። እውነት ለመናገር፣ በደንብ የተሠራ ጃም ቸክ ለመፍታት ነው የሚያስቸግረው። ልዩነቱ የሚመጣው ከጉልበት አይደለም። ቸኩና ዕቃው የሚነካኩበት ገጽ ቅርጽ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ዛሬ ረጅሙን ጊዜ እዚያ ላይ እናጠፋለን።

[ምስል፦ የተለያዩ ቁርጥራጭ እንጨቶች ጠረጴዛ ላይ]

መጀመሪያ እንጨቱን እንምረጥ። ከዕቃችሁ ለስለስ ያለ ይሁን። ሁለቱ ሲጨመቁ የሚሰረጎደው ቸኩ መሆን አለበት እንጂ ያለቀው ሥራ አይደለም። ስንጥቅ ያለበትን አትውሰዱ። አንጓ ያለበትንም ተዉት። ኤምዲኤፍ ይሠራል? ይሠራል፤ እንደ እንጨት አይጣመምም። ግን ደቃቅ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ጠርዙም ቶሎ ይፈረፈራል። እኔ ሌላ ካላጣሁ አልነካውም።

እርጥብ እንጨት ግን በፍጹም አይሆንም። እንጨት ሲደርቅ በቃጫው ርዝመት አይቀንስም ማለት ይቻላል። የሚሸሸው በወርዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ክብ አድርጋችሁ የተዋችሁት እርጥብ ቸክ ነገ ሞላላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ደረቅ እንጨትም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ጋር ትንሽ ይነቃነቃል። ለዚህ ነው መጨረሻው ልክ የሚወጣው ዕቃው ከመታሰሩ ጥቂት ደቂቃ በፊት መሆን ያለበት። ማታ ልኩን አውጥቶ ጠዋት ማሰር አይመከርም።

ቁርጥራጩን በፌስፕሌት (እንጨቱ በብሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ወይም በጥርስ ቸክ እሰሩት። በፌስፕሌት ከሆነ ብሎኖቹ የት ድረስ እንደገቡ እወቁ፤ መሮ ብረት ላይ ሲያርፍ ደስ አይልም። ከዚያ መሃሉን በትራፓኖ ብሱት። 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚያሳልፍ። ይህን ቀዳዳ አትዝለሉት። ለምን እንደሆነ ዕቃውን ስንፈታ ታዩታላችሁ።

[ምስል፦ ሁለት ቸኮች ጎን ለጎን። አንዱ መሃሉ የተቦረቦረ፣ ሌላው መሃሉ ወጣ ያለ።]

ሁለት ዓይነት ጃም ቸክ አለ። አንዱ ዕቃውን ከውጪ ያቅፈዋል። ሌላው ዕቃው ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል።

ወደ ውስጥ የሚገባው ሽብልቅ መሆኑን አትርሱ። ዕቃውን ወደ ውጪ ይገፋዋል። እንጨት ደግሞ በቃጫው አቅጣጫ ለመሰንጠቅ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ግድግዳው የሳሳ ሳህን ውስጥ ቸክ ጠቅጥቃችሁ ድንገት “ጧ!” የሚል ድምፅ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ከውጪ የሚያቅፈው ግን ጫናውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ከተሰነጠቀም የሚሰነጠቀው ቁርጥራጩ ነው። ስለዚህ ለስስ ከንፈር ከውጪ የሚያቅፈውን እመርጣለሁ። ቸኩ እንዳይሰነጠቅ ከጉድጓዱ ውጪ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቅርለት። ወደ ውስጥ የሚገባው ለወፍራም ሳህን፣ ለክዳንና ለትንንሽ ሣጥን ይመቻል።

[ምስል፦ በቅርበት፤ መሮው የቸኩን ጫፍ ሲቀርጽ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ወደ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት እንሥራ። ለምሳሌ ለክዳን ይሁን።

የክዳኑን የውስጥ ስፋት በካሊፐር ለኩ። ቁርጥራጩን ከዚያ ልክ በትንሹ ሰፋ አድርጋችሁ ቅረጹት። ከዚያ ጫፉን ብቻ ሾጠጥ አድርጉት፤ ክዳኑ ጫፉ ላይ ገብቶ መንገድ ላይ እንዲቆም። ቶርኖው ቆሟል። ክዳኑን በእጃችሁ ገፋ አድርጉና ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጉት። አውጡት። አሁን ቸኩን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

[ምስል፦ በጣም በቅርበት፤ እንጨቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቀለበት]

ይህችን የምታብለጨልጭ ቀለበት አያችኋት? ክዳኑ የነካው እዚያ ነው። ትክክለኛው ልክ ይህች መስመር ናት። ካሊፐር የማይነግራችሁን እሷ ትነግራችኋለች። የማትታያችሁ ከሆነ ጫፉን በእርሳስ ቀቡት፤ ክዳኑ የነካው ቦታ ይለያል። እርሳሱ ክዳኑ ላይ ሊቀር ስለሚችል ነጣ ያለ እንጨት ላይ ተጠንቀቁ።

ከቀለበቷ በስተኋላ ያለው እንጨት ገና ወፍራም ነው። እሱን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀለበቷ ልክ አምጡት። ግን ሾጠጥነቱን አትድገሙት። ጎኑ ቀጥ ሊል በጣም ትንሽ ብቻ ሊቀረው ይገባል፤ 1 ዲግሪ ገደማ ቢዘነብል ይበቃል። ዓይን ቀጥ ያለ ነው ብሎ ይምላል፣ ዕቃው ግን ሲገባ እየጠበቀ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው ብዙው ጃም ቸክ የሚበላሸው። ጎኑ በጣም ከሾጠጠ ዕቃው የሚያዘው በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሲገባ ጥብቅ ይመስላል። መሮው ጎን ሲነካው ግን ወዲያው ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይወጣል። ጎኑ ቀጥ ወደማለት ሲጠጋ ሰፊ ገጽ ይነካካል፣ መወዛወዣ ቦታ ያጣል። ዕቃ የሚደግፉት የቶርኖ ሹሎች ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ተገፍተው ብቻ የሚቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሞርስ ቴፐር የሚባለው ያ ሾጣጣ ሁለቱ ጎን ተደምሮ 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚዘነብለው። ብረት በብረት እንደዚያ ከያዘ እንጨት በእንጨት አያቅተውም።

የሚነካካው ርዝመት ለትንሽ ክዳን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለሳህን ከፍ አድርጉት። ከዚያ ደግሞ ትከሻ ያስፈልጋል፤ የዕቃው ከንፈር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ማለቴ ነው። ዕቃው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ጎኑና ትከሻው የሚገናኙበትን ማዕዘን በመሮ ጫፍ ትንሽ ቆርቆር አድርጉት። አለበለዚያ የተረፈች እንጨት ከንፈሩን ታነሳዋለች፣ እናንተ ደግሞ ገባ ብላችሁ ታስባላችሁ።

በመጨረሻዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር አትቸኩሉ። አንድ ስስ ፍቅፋቂ፣ ሙከራ። አንድ ስስ ፍቅፋቂ፣ ሙከራ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከላላ መመለሻ የለውም።

ደህና፣ ትንሽ መመለሻ አለው። ለጥቂት ከላላ በቸኩና በዕቃው መሃል አንድ ንጣፍ የወረቀት ሶፍት አስገቡ። ወይም የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ጠምጥሙ። ጠመኔ መቀባትም ሰበቃውን ይጨምራል። ጣታችሁን ውኃ ነክራችሁ ቸኩን ብታርሱት እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል፤ ግን ሲደርቅ ይመለሳል፣ ስለዚህ ለአጭር ሥራ ብቻ ነው። በደንብ ከላላ አትታገሉ። ትከሻውን ወደ ኋላ ቀንሱና አዲስ ጎን ቅረጹ።

ዘይትና ሰም የተቀባ ገጽ ደግሞ ያንሸራትታል። ከንፈሩን ሥሩ ካለቀ በኋላ ቀቡት።

[ምስል፦ ሳህኑ ተገልብጦ ጃም ቸኩ ላይ፤ ቴልስቶኩ (በቶርኖው ሌላኛው ጫፍ ያለው፣ በሹሉ ዕቃውን የሚደግፈው ክፍል) ተጠግቶ]

ሳህኑን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ለኩ፦ የሥሩን ውፍረት። አንዴ ከታሰረ ውስጡ አይታያችሁም። ከንፈሩ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድማችሁ የውስጡን ጥልቀት ለኩ፣ ከጠቅላላው ቁመት ቀንሱ። ቁጥሩን እዚያው ቸኩ ላይ በእርሳስ ጻፉት። ይህን የዘለለ ሰው ሳህን ሲሠራ ውሎ ማታ ቀለበት ይዞ ይገባል።

አሁን አስገቡት። በመዳፋችሁ ዙሪያውን እኩል ተጫኑ። በእጃችሁ አሽከርክሩትና እርሳስ ከጠርዙ አጠገብ ሳታስነኩ ያዙ። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ቀጥ ብሎ አልገባም። ወጣ ያለውን በኩል በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ከተስተካከለ ቴልስቶኩን አምጡና ሹሉ ሥሩን ይደግፈው። ጥበቃችሁ እሱ ነውና በተቻለ መጠን እዚያው ይቆይ። “ጥብቅ ነው፣ አያስፈልገውም” የሚል ሰው ጥብቅነቱን እስካሁን የፈተነው በእጁ ብቻ ነው።

የፊት መከላከያችሁን አድርጉ። ከፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ጎን ሁኑ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን በደቂቃ 800 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ለዚህ ሥራ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

መሮው አሁን ተስሎ ይምጣ። የደነዘ መሮ እንጨቱን ይገፋዋል፣ ጃም ቸክ ደግሞ መገፋት አይወድም። ስስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ። በተቻለ መጠን ግፊቱ ወደ ቸኩ ይሁን፤ ያኔ ራሳችሁ እያጠበቃችሁት ነው። ወደ ራሳችሁ የሚስብ አቆራረጥ ግን ሳህኑን ከቤቱ ያወጣዋል። ሥሩን መሃል ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ አድርጉት፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይንገዳገድም።

ጆሯችሁን ክፈቱ። የእንጨቱ ድምፅ ድንገት ከተቀየረ ወይም አዲስ መንቀጥቀጥ ከመጣ እየላላ ነው። ወዲያው አጥፉ። ብርጭቆ ወረቀት አብዝታችሁ ስትጠቀሙም ገጹ ይሞቃል። ሙቀት እንጨትን ያደርቃል፣ የደረቀው ይሸሻል፣ ስለዚህ ከሱ በኋላ ጥብቀቱን ዳግም ፈትሹ።

መጨረሻ ላይ ሹሉ ሥር የምትቀረው ትንሽ ጉጥ ናት። ሁለት መንገድ አለ። ሳህኑ በደንብ ከተያዘ ቴልስቶኩን አርቃችሁ ቀስ ብላችሁ በመሮ ታነሷታላችሁ። ከተጠራጠራችሁ ግን ሳህኑን አውጡትና ጉጧን በእጅ መሮ ቁረጧት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷት። ማንም ገልብጦ አይቶ አያውቅም።

[ምስል፦ በቶርኖው ኋላ በኩል የእንጨት ዘንግ ሲገባ]

ለመፍታት፣ ያቺ ቀዳዳ አሁን ትመጣለች። ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ዘንግ በቶርኖው ባዶ አክስል በኩል አስገቡና በቀስታ መታ አድርጉ። ሌላው እጃችሁ ሳህኑን ይያዝ። ቀዳዳ ባይኖር አየሩ መግቢያ አጥቶ ሳህኑን ወደ ቸኩ ይስበዋል፤ ያኔ ነው ሰው በጠመዝማዛ ፈቺ ፈልቅቆ ከንፈር የሚሰብረው። ዘንግ የማያሳልፍ ቶርኖ ከሆነ ቸኩን በእንጨት መዶሻ ከጎን ዙሪያውን መታ መታ አድርጉት፣ ይላላል።

[ምስል፦ ትንሽ ባለክዳን ሣጥን]

ባለክዳን ሣጥን ስትሠሩ ደግሞ የተለየ ቸክ መቅረጽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የሣጥኑ አካል ራሱ ጃም ቸክ ይሆናል። ክዳኑ የሚገባበትን አፍ መጀመሪያ ከሚፈለገው ጠበቅ አድርጋችሁ ትሠራላችሁ። ክዳኑን ጠቅጥቃችሁ ጀርባውን ትጨርሳላችሁ። ሲያልቅ አውጥታችሁ አፉን በስስ ፍቅፋቂ ታላሉታላችሁ፣ ክዳኑ በአንድ እጅ የሚከፈት እስኪሆን። ከሁሉም አጠቃቀሙ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ የሁለቱም ቃጫ አንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ መገጣጠሚያው እንኳ ይጠፋል።

ከንፈሩ ያልተስተካከለ፣ ከነቅርፊቱ የቀረ ሳህን በዚህ መንገድ አይያዝም። ለሱ ጉልላት ቅርጽ ያለው ቁርጥራጭ ቅረጹ። ላዩን ስስ ስፖንጅ ወይም ጎማ አልብሱትና ሳህኑን ከውስጥ ደግፉት። ግን እዚህ የሚይዘው የቴልስቶኩ ግፊት ብቻ ነው። ቴልስቶኩ ከተነሳ ሳህኑም አብሮ ይሄዳል። ኳስም እንዲሁ፤ በሁለት ትንንሽ ጽዋ መካከል፣ አንዱ ከቸኩ ሌላው ከቴልስቶኩ በኩል።

ያለቀውን ጃም ቸክ አትጣሉት። ወደ ውስጥ የሚገባው ለሚቀጥለው ጠበብ ላለ ዕቃ ይቀረጻል፣ የሚያቅፈው ደግሞ ለሰፋ ያለ። ጀርባው ላይ ስፋቱን ጻፉበት። ፌስፕሌቱንም ሆነ ቸኩን በየትኛው አቅጣጫ እንዳሰራችሁት ምልክት አድርጉ፤ ሲመለስ እዚያው ቦታ ይመለስ። ቀን ካለፈው ደግሞ ጎኑን አንድ ስስ ፍቅፋቂ ሳታነሱለት ዕቃ እንዳታስሩበት።